መረቡ ዝቅ ይበልልን

ከ7ኛ "ለ" ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መረብ ኳስ ነው፣ ሁላችንም ቮሊቦል ስለምንለው ጨዋታ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ። ግን ታሪክ ለመንገር ብቻ አልመጣሁም፣ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ ተጽፏል። ምክንያቱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሴሚስተር የክፍሎች ውድድር ጊዜ ነው። የኛ ክፍል ሴቶች ስድስት ሆነን ተመዘገብን። የ7ኛ "ሀ" ሴቶችም ተመዘገቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈር ውስጥ ገመድ አስረን ተለማምደን ነበር። ቀኑ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ ሜዳውን ከቦ ቆመ። እኔ የመጀመሪያውን ሰርቪስ መታሁ፣ ኳሷ በመረቡ ስር አለፈች። ቀጥሎ የነሱ ልጅ መታች፣ መረቡ መለሰባት። ጓደኛዬም መታች፣ እንደዛው። አስር ደቂቃ ስንጫወት አንዲት ኳስ እንኳን ከወዲያ ወዲህ ተመላልሳ አታውቅም። ሰዉ መጀመሪያ አጨበጨበ፣ ከዛ ሳቀ፣ ከዛ ሰልችቶት ተበተነ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ የሴቶች ውድድር መቅረቱ ተነገረን። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ልጅ "ድሮስ ሴቶች ቮሊቦል አይችሉም" አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እኔም አመንኩት።

ማታ ለአያቴ ነገርኳቸው። አያቴ ጊዮርጊስ አካባቢ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁንም ቤት ውስጥ ይሰፋሉ። አልሳቁብኝም። "መረቡ ስንት ነው ቁመቱ?" አሉኝ። "እኔ እንጃ አባባ" አልኳቸው። "እንዴት ነው ታዲያ አንችልም የምትዪው? ሰፊ ሳይለካ ይቆርጣል እንዴ?" አሉና ከአንገታቸው ላይ ሜትራቸውን አውርደው ሰጡኝ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ዴስክ ተሸክመን ወጣን። እሷ ዴስኩን ያዘች፣ እኔ ላዩ ላይ ቆምኩ። የአያቴ ሜትር 150 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ በጠመኔ ምልክት አድርገን ሁለት ጊዜ ለካን። 2 ሜትር ከ43 ሆነ። እንዳልተሳሳትን ለማወቅ ደግመን ለካን፣ ያው ነው። ከዛ የስፖርት ቲቸራችንን ጠየቅናቸው። 2 ሜትር ከ43 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለአዋቂ ወንዶች ያወጣው ቁመት ነው አሉን። ለአዋቂ ሴቶች ስንት ነው ስንላቸው 2 ሜትር ከ24 አሉን።

እስቲ ቀንሱት። ልዩነቱ 19 ሳንቲሜትር ነው። የጎረቤታችን የኬንያ ሴቶች ቡድን በፈረንጆች 2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። እነዚያ ረጃጅም ሴቶች የተጫወቱበት መረብ እኛ የ13 ዓመት ልጆች ከተጫወትንበት መረብ በ19 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው! እኛ ያልቻልነው ሴት ስለሆንን አይደለም። ለኛ ባልተሰፋ ልብስ ሮጠን ነው የወደቅነው።

ከዛን ቀን በኋላ ይሄ ጨዋታ ከየት መጣ፣ ሕጉንስ ማን አወጣው ብዬ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር በጣም አስገረመኝ።

መረብ ኳስን የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ የስፖርት አስተማሪ ነው። ቦታው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆልዮክ የምትባል ከተማ፣ ጊዜው በፈረንጆች 1895 ነው። በኛ አቆጣጠር ወደ 1887 ዓ.ም ይመጣል። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከተማችን አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም ስለተቆረቆረች ያኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚህ ፒያሳ በዓድዋ መታሰቢያ በኩል ስታልፉ ይህን አስታውሱ፣ ጨዋታው የዚያን ዘመን ሰው ነው።

ሞርጋን ለምን ፈጠረው? ከሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል ሰው ቅርጫት ኳስን ፈጥሮ ነበር። ቅርጫት ኳስ ግን መጋፋትና መሮጥ ይበዛዋል። ሞርጋን ጋ ስፖርት ሊሠሩ ከሚመጡት ውስጥ ደግሞ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀኑን ሥራ ላይ የዋሉ ሰዎች ነበሩ። ለነሱ ከበዳቸው። ስለዚህ ሞርጋን ሰዎቹን "አትችሉም" ብሎ አላባረራቸውም። ጨዋታውን ቀየረላቸው። መሀል ላይ መረብ ዘረጋና ሁለቱን ወገን ለያቸው፣ ማንም ማንንም እንዳይጋፋ። መረቡን ያሰረው 1 ሜትር ከ98 ላይ ነው። ይህ ከመካከለኛ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ይላል። ልብ በሉ፣ ለአዋቂ ወንዶች 1 ሜትር ከ98! እኛ ልጆቹ ደግሞ 2 ሜትር ከ43።

ኳሱም ቢሆን አስቸግሮት ነበር። የቅርጫት ኳስ ሲሞክር ከበደ፣ የውስጡን ላስቲክ ብቻ ሲሞክር ደግሞ በጣም ቀለለ። በመጨረሻ ለዚሁ ጨዋታ የሚሆን ኳስ በትዕዛዝ አሠራ። ዛሬ የመረብ ኳስ ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ነው የሚመዝነው። ስሙም መጀመሪያ ሚንቶኔት ነበር። በዓመቱ ሌሎች አስተማሪዎች ሲያዩት ኳሷ መሬት ሳትነካ ወዲያና ወዲህ ስለምትመላለስ ቮሊቦል ይባል ተባለ። እነሱ ስሙን ከኳሷ መመላለስ ወሰዱ፣ እኛ በአማርኛ ስሙን ከመረቡ ወሰድን። መረቡ ልክ ካልሆነ ደግሞ ኳሷም አትመላለስም። እኛ በዓይናችን አይተነዋል።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ሞርጋን ይሠራበት የነበረው ድርጅት በኛ አገር ስሙ ወወክማ ነው፣ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። ይህን ለአያቴ ሳነብላቸው መኪናቸውን አቆሙ (የልብስ ስፌት መኪናቸውን ነው)። "እኔ እኮ ቮሊቦል የተማርኩት አራት ኪሎ ወወክማ ነው!" አሉ። በጃንሆይ ጊዜ ልጅ እያሉ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በእግራቸው እየሄዱ ይጫወቱ ነበር። የስፖርት ቦታውን እስከዛሬ ብዙ ሰው ወወክማ ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ የአራዳ ልጅ ከቮሊቦል ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አያቴን ግን "ሴቶችስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስሙ ራሱ ወንዶች ነው የሚለው፣ ለሴቶቹ ወሴክማ የሚባል ነበር" አሉና ሳቁ። ከዛ ትንሽ አሰቡና "እህቴ ግን ከኔ ትሻል ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ ስንጫወት" አሉ።

ሌላው ያጣላን ነገር ነጥብ ነው። ቅዳሜ ሰፈር ስንጫወት አያቴ በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እኛ ነጥብ ስንቆጥር "ቆይ ቆይ፣ ሰርቪሱ የናንተ አልነበረም፣ እንዴት ነው ነጥብ የምታገኙት?" ይላሉ። "አባባ አሁን እንደዛ አይደለም" እንላለን። እሳቸው "ሌብነት ነው!" ይላሉ። ቲቸርን ስንጠይቃቸው ሁለታችንም ልክ ነን። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የመታው ቡድን ብቻ ነበር፣ ጨዋታውም እስከ 15 ነበር። አንዳንዴ ሰርቪሱ ከወዲያ ወዲህ እየተቀያየረ ነጥብ ሳይጨመር ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕጉን ቀየረው። አሁን ማንም ይምታ ማን፣ እያንዳንዷ ኳስ ነጥብ አላት። ዙሩ እስከ 25 ነው፣ አምስተኛ ዙር ካስፈለገ እስከ 15፣ በሁለት ነጥብም መብለጥ ያስፈልጋል።

ብቻውን አይደለም የተቀየረው። መጀመሪያ የፈለገው ያህል ሰው ይገባ ነበር፣ ኳሷም ስንት ጊዜ እንደምትነካ ገደብ አልነበራትም። በኋላ በየወገኑ ስድስት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት ንክኪ ተባለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ አንዱ ኳሷን ከፍ አድርጎ አዘጋጅቶ ሌላው ዘሎ የሚመታበት አጨዋወት ወጣ፣ ዛሬ የምናጨበጭብለት ያ ነው። እንደዛ ሲሆን ረጃጅሞች ብቻ እንዳይጠቀሙ ሊቤሮ የሚባል ተጫዋች በ1998 ተጨመረ። ሊቤሮ የተለየ ቀለም ማልያ ይለብሳል፣ መረቡ ጋ ዘሎ አይመታም፣ ሥራው ኳስ እንዳትወድቅ ማንሳት ነው። አጭር ሰው እዚያ ቦታ ላይ ንጉሥ ነው። በአሸዋ ላይ ሁለት ለሁለት የሚጫወቱትም አለ። ተቀምጠው የሚጫወቱትም አለ፣ እሱ በ1956 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረ ነው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ወለል ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። መረቡ ለወንዶች 1 ሜትር ከ15፣ ለሴቶች 1 ሜትር ከ5 ነው። በፓራሊምፒክም ውድድር አለው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ እኔ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። የመረብ ኳስ ታሪክ ሰው ለሕጉ ሲታጠፍ የኖረበት ታሪክ አይደለም። ሕጉ ለሰው እየታጠፈ የኖረበት ነው። ለደከመ ሠራተኛ፣ ለአጭር ሰው፣ መቆም ለማይችል ሰው፣ ለሁሉም መረቡ ቦታውን ቀይሯል። የኛ ትምህርት ቤት መረብ ብቻ ነው በሽቦ ታስሮ የቀረው።

ዝቅ ያለ መረብ ደካማ ተጫዋች ያወጣል የሚል ካለ ደግሞ ቶኪዮን ላስታውሰው። ቮሊቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው፣ በኛ 1957 ዓ.ም። ያ ኦሎምፒክ የኛ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ነው። እዚያው ላይ የጃፓን ሴቶች ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። አብዛኞቹ የአንድ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ሥራ ውለው ማታ ነበር የሚለማመዱት። ከሶቪየቶቹ በቁመት ያንሱ ስለነበር መሬት ላይ እየተንከባለሉ ኳስ ማንሳትን ተማሩ። እነዚህ ሴቶች በወንዶች መረብ ተጫወቱ አልተባሉም። በራሳቸው ልክ ተጫውተው ነው ዓለም ያደነቃቸው።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሁላችሁም እንደምታውቁት ግቢያችን ጠባብ ነው። የአራዳ ትምህርት ቤቶች የቆዩ ናቸው፣ ዙሪያቸው ቤትና መንገድ ነው፣ ወደ የትም አይሰፉም። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሠርቼው በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ውስጥ 44 የመረብ ኳስ ሜዳ ያክላል። ስለዚህ ለኛ ዓይነት ግቢ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም። እግር ኳስ አልጠላም፣ ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል። ግን በእረፍት ሰዓት ሃያ ወንዶች ኳስ ሲያሳድዱ እኛ ግድግዳ ጥግ ቆመን ሱዚ መዝለል፣ ኳስ ፊታችንን እንዳይመታን ማየት ነው ሥራችን።

ሰፈርም ቢሆን እንደድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማቱ ከኛ ቤት በታች የነበረው ሰፈር ተነስቷል። አብረውኝ ገመድ ያስሩ ከነበሩት ልጆች ሦስቱ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ፣ አንዷ ትምህርት ቤትም ቀየረች። ፒያሳ አምሯል፣ መብራቱ ማታ ማታ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አዲሱ መንገድ መሄጃ እንጂ ኳስ መምቻ አይደለም። ለኛ የቀረችው በራችን ላይ ያለችው ጠባብ መንገድ ናት፣ እሷም መኪና በመጣ ቁጥር ገመድ ፍቱ የምንባልባት። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ካልተጫወትንበት ሌላ ቦታ የለንም።

ሀሳቤን ለጓደኞቼና ለቲቸሮች ስናገር የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል። አንዳንዱ "ቁመቱ ደንብ ነው፣ በደንቡ ካልለመዳችሁ በኋላ ትቸገራላችሁ" ይላል። ደንቡ እኮ ራሱ ለሴት፣ ለወንድ፣ ለልጅ የተለያየ ነው። ለልጆች ሚኒ ቮሊቦል የሚባል አለ፣ መረቡ ዝቅ ያለ፣ ተጫዋቹም የሚያንስ። ልጅ ጫማ ሲገዛለት በኋላ ያድጋል ተብሎ 43 ቁጥር አይገዛለትም። የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ደግሞ "እኛ ለምደነዋል፣ ዝቅ ካለ ይቀልብናል" አሉኝ። እውነት ነው፣ እነሱ ለኢንተር ስኩል ይዘጋጃሉ፣ ከፍ ያለው ያስፈልጋቸዋል። አልቀማቸውም። ኳስ ቶሎ ያልቃል ያሉም አሉ፣ ይሄኛው ትክክለኛ ስጋት ነው። ለሱም ከታች ሀሳብ አለኝ።

የምጠይቀው ይሄንን ነው።

1ኛ፣ በሁለቱ ብረቶች ላይ በየብረቱ ሦስት መንጠቆ ይበየድ። አንዱ 2 ሜትር ከ43፣ አንዱ 2 ሜትር ከ24፣ አንዱ 2 ሜትር ላይ። በጠቅላላው ስድስት መንጠቆ ነው። አያቴ የሚያውቁት በያጅ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም ብሏቸዋል። ከዛ መረቡን ከአንዱ ወደ አንዱ ማዞር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

2ኛ፣ የእረፍት ሰዓት በቀን ይከፋፈል። ሁለት ቀን ከፍ ያለው ለስምንተኛ ክፍል ወንዶች፣ ሁለት ቀን መካከለኛው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ሴቶች፣ አንድ ቀን ዝቅተኛው ለአምስተኛና ለስድስተኛ። እረፍታችን አጭር ስለሆነ እስከ 25 ሳይሆን እስከ 11 እንጫወት።

3ኛ፣ ኳሷን የየክፍሉ አለቃ ፈርሞ ይውሰድ፣ ፈርሞ ይመልስ። የጠፋ ኳስ የክፍሉ ዕዳ ነው።

4ኛ፣ በወር አንድ አርብ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀምጠን እንጫወት። ክፍላችን ውስጥ እግሩን የሚያመው ልጅ አለ። በየውድድሩ ነጥብ መዝጋቢ ነው፣ ሁሌ ጠመኔ ይዞ ዳር ይቆማል። ደንቡን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ኳስ ነክቶ ግን አያውቅም። ስለ ተቀምጦ ቮሊቦል ስነግረው "እውነትሽን ነው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

5ኛ፣ የቀረው የሴቶች ውድድር ይደገም። በ2 ሜትር መረብ።

ከመጨረስ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። መረቡን ከለካን በኋላ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ገመዱን በአያቴ ሜትር ለክተን 2 ሜትር ላይ አሰርነው። የተጫወትነው ሰልፍ ላይ የተሳቀብን ስድስቱ ልጆችና የ7ኛ "ሀ" ልጆች ነን። በአንድ ዙር ኳሷ መሬት ሳትነካ 14 ጊዜ ገመዱን አለፈች። አያቴ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። ያ "ሴቶች አይችሉም" ያለው ልጅም መንገድ ላይ ሲያልፍ ቆሞ አየና "እኔም ልግባ" አለ። አስገባነው። የመጀመሪያ ሰርቪሱ ገመዱ ስር አለፈ። ማንም አልሳቀበትም፣ ድጋሚ ምታ አልነው።

የተከበራችሁ ቲቸሮች፣ እኛ ከፍ በሉ ስትሉን ከፍ ለማለት እየሞከርን ነው፣ በየዓመቱም እያደግን ነው። እስክናድግ ድረስ ግን መረቡ ትንሽ ዝቅ ይበልልን። ይህን ሀሳብ የምትቃወሙም የምትደግፉም ተማሪዎች ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ሜትር የሚፈልግ ካለ ደግሞ አያቴ ያውሱታል፣ ግን ይመለስ ብለዋል።

እስከዛው ቸር እንሰንብት።